የነቢያት ቁጣ፦ ከመሪባ እስከ ኡም ራኩባ

ሙሴ ከዐለት ውኃ ያፈለቀው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 17 ተጽፏል። ሕዝቡ ከግብፅ ወጥቶ ገና ሲና ሳይደርስ ጠማው፤ ሙሴ ዐለቱን በበትሩ እንዲመታ ታዘዘ፤ መታው፤ ውኃው ወጣ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ሁለተኛው በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 20 ነው፤ ቦታው መሪባ ይባላል። አርባው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እኅቱ ማርያም ቃዴስ ላይ ሞታ ተቀብራለች። ውኃ የለም፤ ሕዝቡ በሙሴና በአሮን ላይ ተሰብስቦ ምነው ሞተን ባረፍነው እያለ ይጮኻል። የዚህኛው ጊዜ ትእዛዝ ዐለቱን በቃል ተናገረው የሚል ነበር። ሙሴ ግን ሕዝቡን ሰደበ፤ ዐለቱንም ሁለት ጊዜ አከታትሎ መታው። ውኃው አልቀረም፤ ሰውም ከብትም ጠጣ። የተቀጣው ሙሴ ነው። አርባ ዓመት የመራውን ሕዝብ ይዞ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንዳይገባ ተፈረደበት።

ለአንድ ስድብና ለሁለት ምት ይህን ያህል? ጥያቄው ሊቃውንትን ለዘመናት ሲያከራክር ኖሯል። እኔ መልሱን ስፈልግ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ነው። ከገዳሪፍ እስከ መተማ ድንበር ያለው አገር ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት መኪና ይውጣል። ሰሊጥና ማሽላ ይመረትበታል፤ ለአረምና ለአጨዳ ከኢትዮጵያ የቀን ሠራተኛ ይጎርፍበታል። ከዚያ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው የስደተኛ አገር ነው። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የኤርትራ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ኡም ጋርጉር ሰፈሩ፤ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም እዚያው ተወለዱ። በ1980ዎቹ ጦርነቱና ድርቁ ከጎንደርና ከትግራይ የነቀለው ሕዝብ ኡም ራኩባና ተዋዋ ገባ። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኡም ራኩባ በ2020 መጨረሻ እንደገና ተከፈተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 የሚበልጥ ሰው ከትግራይ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ነበርና በጃንዋሪ 2021 ቱናይድባህ ተጨመረ። እንዲህ ባለ ሰፈር ውኃ በቦቴ ይመጣል፣ ጀሪካን ይደረደራል፣ ቦቴው ሲዘገይ ሰው ይጮኻል። የተጠማ ሰው ጩኸት ዐመፅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጉዳይ እዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት ክርክር አይደለም።

መጽሐፉን ከወረፋው በኩል ቆሞ ላነበበው አንድ ነገር ይታየዋል። ነቢዩ ቁጣውን ወደ ላይ፣ ወደ ላከው ሲያሰማ መልስ ያገኛል፤ አንዳንዴም እርዳታ ይጨመርለታል። በተጠማና በተራበ ሰው ላይ ሲያወርደው ይጠየቅበታል። መጽሐፉ ዝም ቢል እንኳ በኋላ የመጡት ተርጓሚዎች ይጠይቁታል። አነባበቡ ቀዳዳ የለውም አልልም፤ ቀዳዳዎቹንም አልሸፍናቸውም።

ሙሴ ቁጡ መሆኑን ኦሪት ከጅምሩ አትደብቅም። ወጣትነቱ የሚተረከው ግብፃዊውን ገድሎ አሸዋ ውስጥ ሲቀብረው ነው። ሲና ላይ ደግሞ በእግዚአብሔር ጣት የተጻፉትን ጽላት ከተራራው ግርጌ ሰባበራቸው። ይህን ስብራት የኢትዮጵያ ክርስቲያን ከማንም በላይ ሊያስብበት ይገባው ነበር። በየመቅደሱ የሚቀመጠው ታቦት የሙሴን ጽላት ያሳስባል፤ ኦሪት ዘዳግም በታቦቱ ውስጥ ገቡ የሚላቸው ጽላት ግን ሁለተኞቹ፣ በተሰበሩት ፈንታ ሙሴ ራሱ የጠረባቸው ናቸው። በጥምቀት በእልልታ የምናጅበው እንግዲህ ከቁጣ በኋላ የተተካውን ነው። ይህን በስብከት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ያው ሙሴ ፈጣሪውን ሲቆጣስ? በዘኍልቍ 11 ሕዝቡ ሥጋ አማረኝ ብሎ በየድንኳኑ ደጃፍ ሲያለቅስ ሙሴ ወደ እግዚአብሔር ዞሮ ይነዘንዛል፦ እኔ አረገዝኳቸው እንዴ፣ እንዲህ ከምታደርገኝስ ብትገድለኝ ይሻለኛል ይላል። በምድር ንጉሥ ፊት እንዲህ የተናገረ ሰው አንገቱን ባጣ ነበር። ለሙሴ የመጣው መልስ ግን ሰባ ሽማግሌዎች ሰብስብ፣ ሸክሙን ያግዙሃል የሚል ነው። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ሕዝቡ ድርጭቱን ገና በጥርሱ ሳለ በመቅሠፍት መመታቱ ከነገርኳችሁ ቀዳዳዎች የመጀመሪያው ነው።

ወደ መሪባ ልመለስ። በ11ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ የኖረው የአይሁድ ሊቅ ራሺ ጥፋቱን በቀላሉ አየው፦ ተናገር የተባለውን መታ። በ12ኛው መቶ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ የጻፈው ሙሴ ማይሞኒደስ ግን ጥፋቱ ቁጣው ራሱ ነው አለ። ማስረጃው ቀላል ነው፤ ምዕራፉን መልሶ ማንበብ ብቻ ይጠይቃል። በዚያ ቦታ እግዚአብሔር ውኃ በጠየቁት ላይ አንድ የቁጣ ቃል አልወጣውም፤ ሕዝቡንና ከብቱን አጠጣ ብቻ ነው ያለው። ሕዝቡ የሙሴን ፊት አይቶ ፈጣሪ ተቆጥቶናል ብሎ ደመደመ። ነቢይ ያልተላከበትን ቁጣ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ከማይሞኒደስ በኋላ የመጣው ናሕማኒደስ ይህን ፍቺ አልተቀበለውም፤ እኔ ግን ከማይሞኒደስ ጋር ነኝ። በክርስትናው በኩል ጳውሎስ ዐለቱ ክርስቶስ ነበረ ስላለ ትርጓሜው ወደ ምሥጢሩ ያቀናል። ጥልቅ ነው፤ አልክድም። ይሁንና ምሥጢሩ ላይ ቶሎ ስንደርስ የተጠሙት ሰዎችና ከብቶቻቸው ከዓይናችን ይጠፋሉ።

ሙሴ ራሱ ፍርዱን በጸጋ የተቀበለው አይመስልም። በኦሪት ዘዳግም ሕዝቡን ሲሰናበት እግዚአብሔር የተቆጣኝ በእናንተ ምክንያት ነው የሚለውን ሦስት ጊዜ ያነሣዋል። አጥፊው እሱ፣ ተወቃሾቹ እነሱ! ይህን ማሳበብ የሰረዘ ጸሐፊ፣ ያረመ ቀጂ አልተገኘም። የአይሁድ የመጽሐፍ ትርጓሜ የሆነው ሚድራሽ ደግሞ ሙሴ ሞት አልፈልግም፣ ልግባ፣ ወፍም አድርገኝና ልሻገር እያለ 515 ጸሎት እንዳቀረበ ይተርካል። አልተፈቀደለትም፤ ስለ ክርክሩ ግን ማንም አልቀጣውም። ሲሞትም የቀበረው፣ እንደ ኦሪቱ ቃል፣ ፈጣሪው ራሱ ነው።

የኤልያስ ነገር ከውኃ ጋር የባሰ የተቆራኘ ነው። የእኛ ሰው ኤልያስን የሚያውቀው ሰማይን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በመዝጋቱ ነው፤ ስንነግረው ደግሞ እንደ ጀብዱ ነው። ሰማይ ሲዘጋ የሚሞተው ንጉሡ አክዓብ ብቻ አለመሆኑን ያስታወሰው የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ፣ ታልሙድ፣ ነው። በሳንሄድሪን ክፍል እንዲህ ተተርኳል፦ የዝናብ ቁልፍ በኤልያስ እጅ ነበር። የሰራፕታዋ መበለት ልጅ ሲሞትበት የትንሣኤን ቁልፍ ለመነ። ሁለት ቁልፍ በአገልጋዩ እጅ አንድ ደግሞ በጌታው እጅ ሊሆን አይገባም፣ የዝናቡን መልስና ይህን ውሰድ ተባለ። ፈጣሪ ለተጠማው አገር ዝናብ ለማስመለስ ነቢዩን በአንዲት ደሃ ሴት እንባ በኩል ዞሮ ያዘው ማለት ነው። ኤልያስ በቂሶን ወንዝ 450 የበኣል ነቢያትን ካረደ በኋላ የአክዓብን ሚስት ኤልዛቤልን ፈርቶ ምድረ በዳ ገባ፤ ከአንዲት ዛፍ ሥር ተኝቶም ሞቱን ለመነ። መልአኩ ያመጣለት ተግሣጽ የለም፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ነው። በኮሬብ ሕዝቡን ሁለት ጊዜ ከከሰሰ በኋላ ግን ኤልሳዕን በቦታህ ቀባ ተባለ። አንድ ጥንታዊ ሚድራሽ ሦስት ነቢያትን ያወዳድራል፦ ኤልያስ ለአባት ክብር ተቆርቁሮ ልጁን የረሳ፣ ዮናስ ለልጁ ክብር ተቆርቁሮ አባትን የረሳ፣ ኤርምያስ ለሁለቱም የተቆረቆረ። ልጁ እስራኤል ነው፤ የኤልያስ መተካት ምክንያቱ ይኸው ልጁን መርሳቱ ነው።

ኤልሳዕም ከመምህሩ አልተማረም። በራሱ መላጣነት የቀለዱ ልጆችን ረገመና ሁለት ድቦች 42ቱን ሰባበሩ። መጽሐፈ ነገሥት ይህን ጽፎ ወደ ቀጣዩ ነገር ያልፋል፤ እዚህ ላይ አነባበቤ ትልቅ ቀዳዳ አለው። የታልሙድ ሊቃውንት ግን ሊያልፉት አልቻሉም፦ ኤልሳዕ ታሞ ከተኛባቸው ደዌዎች አንዱ በልጆቹ ላይ ድብ በማስነሣቱ ነው አሉ። ሬሽ ላቂሽ የተባለው መምህር ደግሞ ነቢይ ሲቆጣ ነቢይነቱ ይርቀዋል የሚል ትምህርት አለው። ምስክሩ ያው ኤልሳዕ ነው፤ በእስራኤል ንጉሥ ላይ ከጮኸ በኋላ ቃሉ እንዲመጣለት በገና ደርዳሪ ማስጠራት ግድ ሆኖበታል። ጠቢብም ሲቆጣ ጥበቡ ይርቀዋል ይላል፤ ለዚህ የጠቀሰው ሙሴን ነው። በምድያም ጦርነት ሴቶቹ በሕይወት በመትረፋቸው ሙሴ በጦር አለቆቹ ላይ የተቆጣበት ምዕራፍ ለአንባቢ ከሚከብዱት ሁሉ ይከብዳል። ሬሽ ላቂሽ እንደሚለው ሙሴ ከዚያ ቁጣ በኋላ ሕጉ ጠፍቶት አልዓዛር ነው ለወታደሮቹ ያስረዳላቸው።

ዮናስን የኢትዮጵያ ምእመን በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም በፊት በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ያገኘዋል፤ አይሁድ ደግሞ በስርየት ቀን ከሰዓት በኋላ ያነቡታል። ሰው ብዙ ጊዜ ከዓሣው ሆድ ሲወጣ ታሪኩን ያቆመዋል። ዋናው ጠብ ያለው አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ነነዌ በመዳኗ ነቢዩ ተናደደ፤ ቅል ጥላ ሆነችለት፣ ትል በላት፣ ፀሐይ አናቱን መታው፣ ሞቱን ለመነ። መጽሐፉ በጥያቄ ያልቃል፤ ጥያቄው ውስጥ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳ አሉ። በመሪባ ከብቶቹ ጠጡ፤ በነነዌ ከብቶቹም ጾሙ፣ ተቆጠሩም። ዮናስ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም።

ኤርምያስ ለብቻው ይቀመጣል። አታለልኸኝ ብሎ ፈጣሪውን ከሷል፣ የተወለደባትን ቀን ረግሟል። በጠላቶቹ ላይ የለመነው ደግሞ የሚያሳፍር ነው፦ ልጆቻቸው በረሃብ ይለቁ እስከማለት ደርሷል። ሆኖም ሕዝቡ ሲራብ አብሮ የተራበ፣ ከተማዋ ስትከበብ ጥሏት ያልወጣ እሱ ነው። ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ይህን ክፍል ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። አቤሜሌክ ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም፤ ከንጉሡ ቤት ያረጀ ጨርቅና ቡትቶ ለቃቅሞ ወረወረለትና ገመዱ እንዳይልጥህ ብብትህ ሥር አድርገው አለው። ነቢያት ስለ ምሕረት ብዙ ተናግረዋል፤ የሰው ብብት መላላጡን ያሰበው ግን ይህ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነው። በግዕዙ ተረፈ ባሮክ አቤሜሌክ ኢየሩሳሌም ስትፈርስ እንዳያይ 66 ዓመት እንዲተኛ መደረጉ፣ ሲነቃም በመሶቡ ያለው በለስ ትኩስ ሆኖ መገኘቱ ተተርኳል። ቢገባው ነው።

ልበ አምላክ የምንለው ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወሰደ፣ ኦርዮንንም አስገደለ። ናታን የአንዲት በግ ታሪክ ሲነግረው ዳዊት ሌላ ሰው መስሎት ቱግ አለ፤ ቁጣው ዞሮ ራሱ ላይ ወደቀ። ጴጥሮስ የማልኮስን ጆሮ ቆረጠ፣ ጌታውን ካደ፤ አንጾኪያ ላይ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው። ጳውሎስም በማርቆስ የተነሣ ከበርናባስ ጋር እስከ መለያየት ተጣላ። ይህ ሁሉ የታወቀ ስለሆነ አልዘገይበትም።

በኡም ጋርጉር የሚበዛው ሰው ሙስሊም ነው፤ ሙሳ፣ ዩኑስ፣ ኢልያስ፣ ዳውድ የሚሉት ስሞችም የጎረቤት ስሞች ናቸው። በእስልምና ትምህርት ነቢያት ከኃጢአት የተጠበቁ ናቸው፤ ይህም ዒስማ ይባላል። ቁርኣኑ ግን ሙሳ ሰው መትቶ መግደሉንና ምሕረት መለመኑን፣ ተቆጥቶ ጽላቱን መጣሉንና ወንድሙን በራሱ ይዞ መጎተቱን፣ ዩኑስም ተቆጥቶ መሄዱን ይተርካል። የሁለቱ ባህል ሰዎች በአንድ ቦቴ ሥር ሲሰለፉ የሚለያያቸው የነቢያቱ ታሪክ ሳይሆን የታሪኩ ፍቺ ነው።

ሙሴን በእግራቸው የተከተሉ ደግሞ አሉ። በ1862 አባ መሃሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ መነኩሴ የተስፋው ቀን ደርሷል ብለው ብዙ ሰው ከጎንደር አካባቢ አስነሡ። ሄንሪ ስተርንና ማርቲን ፍላድ የመሩት የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ከጥቂት ዓመት ወዲህ ማኅበረሰቡን ሲያናውጠው ቆይቶ ነበር። ሕዝቡ ቀይ ባሕር ተከፍሎለት ኢየሩሳሌም ሊገባ እየጠበቀ ትግራይ ደረሰ፤ በማኅበረሰቡ ትውስታ አባ መሃሪ እንደ ሙሴ በትራቸውን በውኃ ላይ ዘርግተዋል። ውኃው አልተከፈለም። ረሃብና በሽታ ብዙዎቹን ትግራይ ላይ ጨረሰ፤ የተረፉት ከፊሉ እዚያው ቀሩ፣ ከፊሉ ተመለሱ። አባ መሃሪን ሐሰተኛ ነቢይ ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው። የነቢይ ውድቀት ብዙ ጊዜ ከቁጣ እንደሚመጣው ሁሉ ከጥድፊያም ይመጣል፤ በሁለቱም ሒሳቡን የሚከፍለው ተከታዩ ነው።

ያው ማኅበረሰብ ሞተ ሙሴ የሚባል የግዕዝ መጽሐፍ አለው፤ ዣክ ፋይትሎቪች በ1906 ፓሪስ ላይ አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ያለው ሙሴ ሞትን የሚፈራ፣ ሚስቴና ልጆቼ በማን እጅ ይወድቃሉ እያለ የሚያለቅስ ሰው ነው። ፈጣሪ ባሕሩን እንዲመታ ያዘዋል፤ ድንጋይ ይወጣል። ድንጋዩን እንዲመታ ያዘዋል፤ ይሰነጠቅና ቅጠል በአፉ የያዘ ትል ይታያል። በባሕር ውስጥ ባለ ድንጋይ የተሸሸገውን ትል የምመግብ ልጆችህን እረሳለሁ? ነው ነገሩ። በኦሪት ያስቀጣችው በትር እዚህ በሁለተኛው ምት ለማጽናኛ ዋለች። ይህን ታሪክ የጠበቁት ቄሶችና መነኮሳት መሪባን በሚገባ እንዳሰቡበት አልጠራጠርም።

ከ1862 ወዲህ 120 ዓመት ያህል ቆይቶ መንገዱ በምዕራብ በኩል ተከፈተ። ከትግራይ ወጥቶ ሱዳን የገባው መምህር ፈረደ አክሉም ውሰዱን የሚል ደብዳቤ ከካርቱም ላከ፤ የእስራኤል ስለላ ድርጅት ሞሳድ ደርሶ ፈለገው። ከዚያ በኋላ ከጎንደርና ከትግራይ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ በሽፍታ እየተዘረፉ ገዳሪፍ አውራጃ ገቡ። በ1984 ኡም ራኩባ ላይ ማንነታቸውን ደብቀው ከሌላው ስደተኛ ጋር ተቀመጡ። ወባ፣ ኩፍኝና ተቅማጥ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ጨረሰ። በመንገድና በሰፈሮቹ የሞቱት ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ መታሰቢያቸው በ2007 ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል።

ኖቬምበር 21 ቀን 1984 የአየር ማጓጓዙ ተጀመረ። ሰዎቹ በአውቶቡስ ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከካርቱም በብራስልስ በኩል ቴል አቪቭ ደረሱ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ በጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ተቋረጠ። ስሙን ዘመቻ ሙሴ ብለውት ነበር። ከገዳሪፍ አጠገብ ካለ ሜዳ የአሜሪካ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በማርች 22 ቀን 1985 የቀሩትን 500 ያህል ሰዎች አነሡ፤ ይኸኛው ዘመቻ ኢያሱ ተባለ። የስሙን ቅደም ተከተል ያወጣ ሰው ዘዳግም 34ን አስቦበት ይሁን ሳያስበው፣ ኡም ራኩባ የተቀበሩትን ከሙሴ ጋር ከዮርዳኖስ ማዶ አስቀርቷቸዋል።

እስራኤል የገቡትን የጠበቃቸው ሌላ ውኃ ነው። ዋናው የረቢዎች ምክር ቤት አይሁድነታቸው ያጠራጥራልና ከጋብቻ በፊት በሥርዓት ውኃ ይጥለቁ አለ። ኦሪትን ከአባት ከአያት የተቀበሉ፣ በውኃ ጥም ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ናቸው ይህን የሰሙት። በ1985 ቄሶቹ ሕዝቡን ይዘው ኢየሩሳሌም በረቢዎቹ መሥሪያ ቤት ፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። እኔ ይህን ቁጣ ከዘኍልቍ 11 ጎን አስቀምጠዋለሁ፤ የተቆጡት የመንጋቸውን ደጅ ይዞ በተቀመጠው ባለሥልጣን ላይ ነውና። መንግሥት ሽምግልና ገባ፤ ግማሽ ስምምነት ተደረገ። በ1989 የነታንያው ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያን መጥለቅ ሳይጠይቁ የማኅበረሰቡን ጋብቻ እንዲመዘግቡ ተመደቡ። ቄሶቹ ራሳቸው የማጋባት ሥልጣን ግን ያን ጊዜም አልተሰጣቸውም።